ያገሳው ጎመን

ስም ማለት አንድ ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ከሄደ በኋላ በቦታው የሚቀረው ነገር ነው። በዚያ አገር የሕግ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው ይህ ነው። ማብራሪያውም እንዲህ ይላል፦ ስም እንደ ካባ አይለበስም፣ እንደ በሬ አይነዳም፤ ባለቤቱ እቤቱ ቆልፎ ሊያኖረው ቢሞክር አይገኝም። የሰው ስም የሚቀመጠው ጎረቤት ቤት ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ስም ተሰበረ በተባለ ጊዜ ስብራቱ የሚመረመረው ባለቤቱ ዘንድ ሳይሆን ጎረቤቱ ዘንድ ነው።

አገሩ የት እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። የሄደበት ሰው ያውቀዋል፤ ያልሄደበትም እዚያው ይኖር ይሆናል።

ስም ጎረቤት ቤት የሚቀመጥ ከሆነ፣ ሁለት ሰዎች ለብቻቸው ተገናኝተው ቢሰዳደቡ የሚሰበር ነገር የለም። ጥፋት እንዲኖር ሦስተኛ ጆሮ ያስፈልጋል። ይህን የሚያጣራ የጆሮ ሹም የሚባል ባለሥልጣን ነበር። በዚህ ምክንያት የተጣሉ ሰዎች ተያይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ ግራ ቀኙን ያያሉ፤ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሰው አለመኖሩን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ እስኪበቃቸው ተሰዳድበው እየተደጋገፉ ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ከሳሽ የሆነ ሰው በቅሎውን ሦስተኛ ጆሮ ናት ብሎ አቀረበ። የጆሮ ሹሙ የበቅሎዋን ጆሮዎች በክንዱ ለክቶ ርዝመታቸው ከበቂ በላይ መሆኑን መሰከረ፤ ነገር ግን የሰማችውን ወስዳ የምታወራለት ጎረቤት የላትም ብሎ አሰናበታት።

ሌላም ሕግ ነበረ። የሞተ ሰው ስለ ስሙ አይከስም፤ ዘመዱም አይከስለትም። እናም በዚያ አገር በሕይወት ያለ ሰው ይመሰገናል፣ ስለ ሞተ ሰው ግን ሁሉም ይነገራል። ስለ አንድ ሹም እውነቱን መስማት የፈለገ ሰው ለራሱ ረጅም ዕድሜ ይለምን ነበር።

አንጓች በዚህ ሕግ የምትኖር ሴት ናት። አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት ተጠርታ ትመጣለች፤ ሟቹን በስሙ ጠርታ፣ የሠራውንም ያልሠራውንም በግጥም ታወርድለታለች። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም ነው። ወገቡ እስኪቆረጥ የሚያለቅስ ሰው በርሷ ሙሾ መካከል ሳያስበው ይስቅና አፉን በነጠላው ይሸፍናል። ይህን አውቃ ታደርገዋለች። ልቅሶ ደረቅ ከሆነ ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል ትል ነበር።

ደምለው የሞተ ጊዜ የጠሯት እሷን ነው። ደምለው የታች ቤት ገበሬ፣ የአንጓች የቅርብ ጎረቤት ነበር። የታች ቤት ማለት ቦዩ የሚያልቅበት ሰፈር ነው፤ የላይ ቤት ደግሞ ቦዩ የሚጀምርበት። ቦዩን የሚከፍቱና የሚዘጉ፣ የውሃ ተራ የሚያዙ፣ የተራውንም መዝገብ የሚይዙ የውሃ አባት የሚባሉ ሹም አሉ። በዚያን ጊዜ የውሃ አባት አዛዥ ቢሻው ነበሩ፤ ከተሾሙ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በልቅሶው ድንኳን ፊት ለፊት፣ ከሁሉ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው በመሐረብ ዐይናቸውን ይጠራርጋሉ። አንጓች ተነሥታ እንዲህ አለች፦

አራት ዓመት ሙሉ ተራውን ጠብቆ፣
ደምለው አፈር ገባ ከነማሳው ደርቆ።
ውሃውማ ሞልቷል ከላይ ካለው ጓሮ፣
ጎመኑ ጠጥቶ ያገሳል ዘንድሮ።

ሰው ሳቀ። ሳቁ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ግን ከሳቁ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሁሉ፣ የሟቹ ሚስት ሳትቀር፣ አንገቱን ወደ አንድ ወንበር አዞረ።

አዛዥ ቢሻው በማግስቱ ከሰሱ።

በስም ሰባሪ ላይ የሚፈረደው ቅጣት ጆሮ መነሳት ይባላል። ጆሮ የተነሳ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ይከታል፤ ይህ ለሰባት ዓመት ነው። አንጓች ጆሮ የተነሳች አንዲት ሸክላ ሠሪ ታውቅ ነበር። ሴትዮዋ በመጀመሪያው ዓመት ትጮህ ነበር፣ በሁለተኛው ከማሰሮዎቿ ጋር ታወራ ነበር፣ በሦስተኛው ማሰሮዎቿንም ማናገር ተወች። ሸክላ ሠሪ እንኳ በእጇ ትኖራለች። አልቃሽ ግን ጆሮ ካልተሰጣት ምን አላት? አንጓች ይህን እያሰበች ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

የስም ዳኛው ችሎት አንድ መግቢያና አራት መውጫ ያለው ቤት ነው። ተከሳሽ ነጻ የሚወጣው ከአራቱ በሮች አንዱን ማስከፈት ከቻለ ብቻ ነው። ዳኛው እንግዳሸት ይባላሉ። ቀጭን፣ የማይቸኩሉ፣ በሥራ ላይ ሳሉ ስቀው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ከሥራ ውጭ ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ የጠየቁት ከሳሹን ነው። በላይ ቤት አሥራ አንድ ጓሮ አለ፤ ሙሾው የማንንም ስም አልጠራም፤ አዛዡ የተነገረው ስለ እርሳቸው መሆኑን በምን አወቁ?

«ማንም ያውቀዋል» አሉ አዛዥ ቢሻው።

«ማንም የሚባል ምስክር በመዝገቤ የለም። ሙሾውን ሰምተው ወዲያው እርስዎን ያሰቡ ሦስት ሰዎች ያምጡ።»

አዛዡ ይህ ቀላል መስሏቸው ሦስቱን በግማሽ ቀን አቀረቡ። ሁለቱ የራሳቸው ዘበኞች ነበሩ፤ አዎ፣ አዛዡን አስበናል ብለው ተቀመጡ። ሦስተኛው ጓንጉል የሚባል፣ ጓሮው ከአዛዡ ጓሮ ቀጥሎ ያለ ሰው ነው። በዚያ አገር ምስክር በችሎት ውስጥ በተናገረው አይከሰስም። ጓንጉል ይህን ሕግ ያወቀው የዚያን ዕለት ጠዋት ነበርና ፊቱ በርቶ ነበር።

«ሙሾውን ስትሰማ ማንን አሰብህ?» አሉት ዳኛው።

«አዛዡን።»

«ስማቸው ተጠርቷል?»

«ኧረ አልተጠራም።»

«ታዲያ በምን አሰብካቸው?»

«በጎመኑ ነዋ ጌታዬ። ከላይ እስከ ታች ብንዞር ሌላ ጎመን አለ እንዴ? የኔ ጓሮ ከሳቸው በአጥር ነው የሚለየው፤ እኔ ዘንድ የበቀለው እሾህ ነው። እሱም ቢሆን ቀጭን እሾህ ነው።»

ዳኛው ለጸሐፊው «ጓሮው የአዛዥ ቢሻው መሆኑ በከሳሽ ምስክሮች ተረጋግጧል ብለህ ጻፍ» አሉት። አዛዡ የመጀመሪያውን ክርክር ስላሸነፉ ደስ አላቸው። ዞር ብለው ቢያዩ ግን እንኳን ደስ ያለዎት የሚል ሰው አላገኙም።

ተራው የአንጓች ሆነ። የትኛውን በር ትመርጫለሽ ስትባል ሳታቅማማ የእውነትን በር ጠራች። ይህ በር ከሁሉም ትልቁ ነው፤ ከወይራ የተሠራ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ስላልተከፈተ ንብ ቤቱን ሠርቶበታል። ዳኛው በትዕግሥት አስረዷት። የተነገረው እውነት ከሆነ የማንም ስም አልተሰበረም፤ ስሙ ቀድሞም እንደዚያው ነበር ማለት ነውና። ነገር ግን እውነት ነው የሚለው ሰው ራሱ ማስረዳት አለበት። ውሃው ወደ ማን ጓሮ እንደሄደ የሚያሳየው የተራው መዝገብ ነው። መዝገቡ የሚከፈተው በውሃ አባት ፈቃድ ነው። የውሃ አባት ባይመቻቸው ምክትላቸው ይፈቅዳል። ምክትላቸውም እርሳቸው ናቸው።

አንጓች ጎመኑ ራሱ ይታይ አለች። ዳኛው ጎመን በቦይ ውሃም በእግዚአብሔር ቸርነትም ሊያድግ ስለሚችል ለብቻው ማስረጃ አይሆንም አሉ። ንቦቹ በሰላም ቀሩ።

የአስተያየት በር ከሸምበቆ የተሠራች ቀላል በር ናት። የራሴን አስተያየት ነው የተናገርኩት የሚል ሰው በዚያ ይወጣል። ሕጉ ግን አስተያየት የሚለው ተጣርቶ ሊረጋገጥ የማይችለውን ነገር ነው። አዛዥ ቢሻው ተነሥተው፣ ጎመኔ አስቀያሚ ነው ብትል ኖሮ አስተያየት ይሆን ነበር፤ ያገሳል ማለት ግን የተፈጸመ ድርጊት ነው ብለው ተከራከሩ። ዳኛው ክርክሩን ተቀብለው የጆሮ ሹሙን ላኩ። የጆሮ ሹሙ ከማለዳ እስከ ቀትር ጆሮውን ጎመን ላይ ለጥፎ ተቀመጠና ሪፖርቱን አቀረበ። በአጠቃላይ ዝምታ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ግሣት የመሰለ ድምፅ ተሰምቷል፤ ሲጣራ የራሱ የሹሙ ሆድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጎመኑ አገሳ መባሉ ሐሰት መሆኑ ተረጋገጠ፤ የሸምበቆዋ በርም ተዘጋች።

ሦስተኛው የግዴታ በር ነው። ሥራው ግድ ብሎት የተናገረ ሰው፣ ያለው ነገር ስሕተት እንኳ ቢሆን በዚያ ይወጣል። ሹማምንት በሸንጎ የሚናገሩትን ተናግረው የሚወጡት በዚህ በር ስለሆነ ማጠፊያው ዘወትር ቅቤ ይቀባል። አንጓች፣ ለሟች ማልቀስ ግዴታዬ ነው፤ እንዲያ ባላለቅስ ሥራዬን በድያለሁ አለች። ዳኛው ብዙ አሰቡና ልክ ነሽ አሉ። እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው ሳሉ ግን አንድ ጥያቄ ቀራቸው፤ ግዴታ ንጹሕ የሚሆነው በቂም ካልተነገረ ነው።

«ሙሾውን ስታወጪ ተናደሽ ነበር?»

አንጓች መዋሸት ትችል ነበር። በሩ ክፍት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ ከማዶው ያለው ፀሐይ በስንጥቁ ይታያል።

«ደምለው ጎረቤቴ ነው» አለች። «በየሌሊቱ ተነሥቶ ቦዩን በእጁ ሲዳብስ አይቻለሁ፤ ረጥቦ እንደሆነ ብሎ። አዎ፣ ተናድጄ ነበር።»

ጸሐፊው «ተናዳለች» ብሎ ጻፈ። በሩ ተዘጋ።

የቀረው የይቅርታ በር ነበር። ከፍታው እስከ ጉልበት ነው፤ በእጅና በእግር ካልተዳኸ አይታለፍም። አንጓች በሩን አየች፤ ሸክላ ሠሪዋን አስታወሰች፤ «እድሃለሁ» አለች። በሩ ግን ዝም ብሎ አይከፈትም፤ በቅድሚያ ማስተባበያ መነገር አለበት። ዳኛው ሕጉን አነበቡ፦ ማስተባበያ ጥፋቱ በተነገረበት ስፍራ ዓይነት፣ በተነገረበት ድምፅ፣ በጆሮ ቁጥርም ከዚያ ባላነሰ ጉባኤ ፊት ይነገራል። በድንኳን በሙሾ የተነገረ፣ በድንኳን በሙሾ ይስተባበላል። የማስተባበያውን ቃል የአዛዡ ጸሐፊ አዘጋጅቶ ሰጣት፦

ጎመኑ አላገሳም፣ ውሃም አልጠጣም፣
አዛዥ ቢሻው ቸር ናቸው፣ ማንንም አልቀሙም።

አንጓችን ማንበብ ያስተማራት ቄስ ስለነበረ ታነባለች፤ አነበበችና ግጥሙ ያነክሳል አለች። ሕጉ ስለ ማንከስ የሚለው የለም ተባለች። እስከ አጨዳ ካላስተባበለች ጆሮ ትነሳለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «በማን ልቅሶ ላይ?»

ይህን ያሰበበት ሰው አልነበረም። ጥያቄው ግን በጣም ከባድ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ሞቱ፤ ልጆቻቸው እኛ አባታችንን ልንቀብር ነው እንጂ ጎመን ልናስተባብል አይደለም ብለው ሌላ አልቃሽ ጠሩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚሞት ጠፋ። የታች ቤት ሰዎች ወሬውን ከሰሙ ጀምሮ ጤናቸው ተሻሻለ፤ ከአልጋ ወርደው የማያውቁ አሮጊት እንኳ ለማንም ማስተባበያ ድንኳን አልሆንም ብለው ተነሥተው አረም አረሙ። ሁለት ወር አለፈ። አጨዳ ቀረበ። አንጓች ማታ ማታ የሰፈሩን ሳል ታዳምጥ ጀመር፤ በራሷም አፈረች።

አዛዥ ቢሻውም አልተመቻቸውም። ስማቸው በየጎረቤቱ ቤት ቀን በቀን እየሻገተ ነው። በመንገድ ሲያልፉ ሰው እጅ ይነሣና ከዚያ ቀስ ብሎ ያገሳል። ለጆሮ ሹሙ አቤት አሉ። ሹሙ አንድ ሳምንት መርምሮ ግሣት ንግግር አይደለም ብሎ ወሰነ። ያን ዕለት አዛዡ ጠረጴዛቸውን መቱና ለስሜ ድንኳን የምተክለው እኔው ነኝ፤ የሰው ሞት አልጠብቅም አሉ።

አንጓች ይህን በሰማች ጊዜ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ቀጥሎ ደነገጠች። በሥራዋ ምክንያት የምታውቀው አንድ ሕግ አለ። ድሮ ሰዎች የውሃ ተራ እንዳይቀርባቸው ዘመዶቻቸውን በድብቅ ይቀብሩ ነበር፤ ሙታን በመዝገብ ላይ በዙ። ስለዚህ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ በዚያ አገር የሰው ሞት የሚታወቀው በትንፋሹ አይደለም። ድንኳን ተተክሎ፣ ሙሾ በስሙ ከወጣለትና አልቃሿ በሞት መዝገብ ላይ አውራ ጣቷን ካሳረፈች ሞቷል፤ ያለዚያ አልሞተም። ይህን ሕግ ያስወጡት ራሳቸው አዛዥ ቢሻው ናቸው።

ልትነግራቸው ወደ ቤታቸው ወጣች። በጎመኑ መካከል አልፋ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ እጅ ነሣች።

«አዛዥ፣ ድንኳኑ ይቅርብዎ። በኔ ሥራ ሙሾ የወጣለት ሰው ይመዘገባል።»

«እንዲመዘገብማ ነው የምፈልገው።»

«በሞት መዝገብ ነው እኮ የምልዎት። ሕጉን ያውቁታል፤ የርስዎ ነው።»

አዛዡ ሳቁ። «እሱ ሕግ ለታች ቤት የወጣ ነው። ደግሞ ብልጠትሽ ገብቶኛል፤ ልታስፈራሪኝና ከማስተባበል ልታመልጪ ነው። ሰባት ዓመት አፍሽን ይዘሽ መዞር አማረሽ?»

«አላማረኝም።»

«እንግዲያው ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ቅዳሜ ነይ።»

ቅዳሜ ዕለት እንደዚያ ያለ ሰው ተሰብስቦ አያውቅም። አዛዥ ቢሻው ጆሮ እንዳይጎድል ብለው ከጎረቤት አገር ሳይቀር ሰው አስጠርተዋል። እርሳቸው በከፍተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዳኛ እንግዳሸት መጽሐፋቸውን ይዘው መጡና ሥርዓቱ እንደሚያዘው ሦስት ጊዜ ጠየቋቸው።

«ይህ ሙሾ በስምዎ እንዲወጣ ፈቅደዋል?»

«ፈቅጃለሁ።»

«ፈቅደዋል?»

«ፈቅጃለሁ አልኩ።»

«ፈቅደዋል?»

«ሰውዬ፣ ድንኳኑን የተከልኩት እኔ፣ ጠላውን የጠመቅሁት እኔ! ፈቅጃለሁ!»

ዳኛው «በፈቃዱ የተነገረበት ሰው በተነገረው አይከስም» የሚለውን አንቀጽ አንብበው ተቀመጡ።

አንጓች ተነሣች። ሙሾ በስም ጥሪ ይጀመራልና «ወዮ አዛዥ ቢሻው» አለች፤ ከዚያ የተሰጣትን አንካሳ ግጥም አንድም ቃል ሳትለውጥ አወረደችው። ሥራ ዐዋቂ ናት። በርሷ አፍ ጎመኑ ውሃ ያልጠጣ ወላጅ አልባ መሰለ፤ የአዛዡ ቸርነት ድንገት ከሰው እጅ ያመለጠ ነገር መሰለ። አንድ ሁለት ሰው ከልቡ አለቀሰ። አዛዡ ራሳቸው መሐረባቸውን አወጡ። ስትጨርስ የችሎቱ ጸሐፊ የሞት መዝገቡን አቀረበላት። አንዴ ወደ ወንበሩ ቀና ብላ አየች፤ አዛዡ ቶሎ በይ ብለው በእጃቸው አመለከቷት። ጣቷን አሳረፈች።

ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰው ሁሉ ተከትሎ አወለቀ። አዛዥ ቢሻው ክብር መስሏቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ።

ከዚያ ጓንጉል ከመሀል ብድግ አለ። «ነፍሳቸውን ይማር» አለ። «ሟች አይከስምና፣ እንግዲህ ስለ ቦዩ የማውቀውን ልናገር።» ተናገረ። እሱ ሲቀመጥ ሌላው ተነሣ። አዛዡ አለሁ እኮ፣ እዚህ ነኝ ብለው ጮኹ። ዳኛው ወደ ጆሮ ሹሙ ዞሩ። ሹሙ ከወንበሩ አጠገብ ቆሞ ጥቂት አዳመጠና፣ ልቅሶ ቤት ውስጥ ሟቹ የሚናገር የመሰለው ጆሮ በሐዘን የተጎዳ ስለሆነ አይመዘገብም ብሎ ወሰነ። ንግግሩ እስከ ምሽት ቀጠለ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ነገር ነውና በእሑድም ቀጠለ።

የውሃ አባት ስላልነበረ፣ ምክትላቸውም አብረው ስለሞቱ፣ የተራውን መዝገብ ዳኛው ከፈቱት። ማክሰኞ ለደምለው ሚስት ውሃ ወረደላት። በዚያው ሳምንት በአንጓች ላይ የቀረበው ክስ ከሳሹ በሞት ስለተለዩ ተዘጋ። ከሳሹ ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት ኖሩ።